መድረኩ ቀድሞ ሲያለቅስ፦ ትራጀዲ ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ይህን ያውቃል። ደረቷን እየመታች የምትጮኸውን ዘመድ አይተን እናዝናለን። እንባችን ዱብ የሚለው ግን እናትየው ቀና ብላ «እህል ቀምሳችኋል?» ስትል ነው። ወይም የሟቹ ጫማ ከበሩ ጀርባ እንደወትሮው ተቀምጦ ስናይ። ጩኸቱ ያስደነግጠናል፤ ጫማው ያስለቅሰናል።

ቴአትር ስናዘጋጅ ግን ይህን እንረሳዋለን። እኔም ረስቼው አውቃለሁ።

ትራጀዲ፣ በሐዘን የሚያልቅ ተውኔት፣ ስል የነገሥታቱን ብቻ ማለቴ አይደለም። ሥራውን ያጣ አባት፣ ልጇ በስደት መንገድ የቀረባት እናት፣ የቤቱን ዕዳ ከፍሎ ሳይጨርስ የሚሞት ሰው፤ የዘመኑ ትራጀዲ የእነዚህ ሰዎች ነው። ተመልካቹ ያውቃቸዋል። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ድርሰቱ ጥሩ ከሆነ ግማሹ መንገድ ተሄዷል። ቀሪው ያለው አዘጋጁ እጅ ላይ ነው። መብራቱ እንዴት ይብራ? ወንበሩ የት ይቀመጥ? ሞቱ የት ይሁን? ዝምታው ስንት ሰከንድ ይቆይ? አንድ ተውኔት በሁለት አዘጋጆች እጅ ሁለት ዓይነት ተመልካች ይፈጥራል።

ከብሔራዊ ቴአትር ተነስቶ ቸርችልን ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ ወደ ፒያሳ ሀገር ፍቅር የሚሄድ ሰው በእግሩ ብዙም ሳይደክም ሦስት ትልልቅ መድረኮችን ያልፋል። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች መሀል አዲስ አበባ ባሉ አዳራሾች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። አንዳንዶቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ሙዚቃው ከተመልካቹ ቀድሞ ሲያለቅስ

ይህን ያስቀደምኩት ሌሎቹ ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ስለሚወለዱ ነው።

እናትየው ብቻዋን መድረክ ላይ ቀርታለች። ገና አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከድምፅ ክፍሉ ዋሽንት ይነሳል። ኪቦርድ ይከተላል። ተመልካቹም ወዲያው «በቃ፣ አሁን ሊያስለቅሱን ነው» ይላል። ወንበሩ ላይ ደገፍ ይላል፤ እጁን ያጣጥፋል። ሙዚቃው ሥራውን ስለጀመረለት እሱ የሚሠራው ነገር አጣ።

ከዓመታት በፊት አንድ ተውኔት ላይ ረዳት አዘጋጅ ነበርኩ። ልጇን ባሕር የበላባት የአንዲት እናት ታሪክ ነው። የመርዶው ትዕይንት ላይ ዋሽንት እንዲገባ አዘጋጁን የለመንኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ተዋናይቱ ቡና እየቆላች ነው። እውነተኛ ከሰል፣ እውነተኛ ምጣድ፣ እውነተኛ ቡና። ታያቸዋለች። ለምን እንደመጡ ይገባታል። ዋሽንቱ ይነሳል፤ እሷም ማማሰያውን ጥላ ትጮኻለች። ልምምድ ላይ ሁላችንም ወደነው ነበር።

አንድ እሁድ ማጫወቻው እምቢ አለ። ዋሽንቱ ሳይነሳ ቀረ። እኔ መጋረጃ ጀርባ ላብ በላብ ሆንኩ። ተዋናይቱ ደግሞ የጩኸቷ ምልክት ሙዚቃው ስለነበር መቁላቷን ቀጠለች። ማማሰያው ብረቱን ሲጭር ብቻ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። እሷ ትቆላለች። ቡናው ጠቆረ። ጭሱ ወደ አዳራሹ ወረደ። ያረረ ቡና ሽታ መጀመሪያ ፊት ረድፍ ደረሰ፣ ከዚያ መሀል።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት «ኧረ አረረባት» አሉ። ጮክ ብለው አይደለም፤ አጠገባቸው ላለችው ሴት እንደሚናገሩ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ቀጥሎ ከኋላቸው ሌላ ሰው። ተዋናይቱ ምጣዱን ከእሳቱ አነሳችና ሽማግሌዎቹን ቀና ብላ አየቻቸው። «ቡናው አረረብኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። ይህ ቃል ጽሑፉ ላይ የለም። ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። አዳራሹ በሙሉ እንዲያ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ ዋሽንቱን አወጣነው። ጩኸቱም አብሮ ወጣ።

ሙዚቃ አይግባ አልልም። የአሜሪካዊውን ጸሐፌ ተውኔት የአርተር ሚለርን «የሽያጭ ሠራተኛው ሞት» ውሰዱ። ተውኔቱ የሚከፈተው በዋሽንት ነው። ግን ማንም ከመሞቱ፣ ማንም ከማልቀሱ በፊት። የዋናው ገጸ ባሕርይ የዊሊ አባት ዋሽንት እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነበር። ስለዚህ ድምፁ የታሪኩ ነው፤ ልጁ በሕልሙም በቁም ቅዠቱም የሚሰማው የአባት ድምፅ። ሙዚቃ ማስገባት ስትፈልጉ ራሳችሁን ይህን ጠይቁ፦ ይህ ድምፅ የማን ነው? «የተመልካቹን ልብ ለመንካት» ከሆነ መልሱ፣ አውጡት።

ሞቱን ሁሉ መድረክ ላይ ማሳየት

ተመልካቹ ካላየ አያምንም ብለን እንፈራለን። ስለዚህ ቢላው ይወጣል፣ ቀይ ቀለም ይፈሳል፣ ሟቹ ለሦስት ደቂቃ እየተናገረ ይሞታል። እናም አዳራሹ ስለ ሟቹ ማሰቡን ትቶ ስለ ቀለሙ ማሰብ ይጀምራል። «ልብሱ እንዴት ይታጠባል?» ያለች ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ አውቃለሁ። አልፈረድኩባትም።

የጥንት ግሪኮች ይህን ያውቁት ነበር። በተውኔታቸው ንጉሥ ኤዲፐስ የገዛ ዓይኑን ሲያጠፋ አናይም። ቤት ውስጥ ይሆናል፤ መልእክተኛ ወጥቶ ይነግረናል። ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ብልሃት አይደለም። መርዶ አለን።

መርዶን እንደ ዝግጅት አስቡት። ሰዓቱ ማለዳ ነው፤ ሰው ሳይወጣ፣ ሥራ ሳይሄድ። የሚመጡት ብዙ ናቸው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የእድር ሰው። ከመሀላቸው አንድ የሚናገር ተመርጧል። በር ይንኳኳል። ባለቤቲቱ ትከፍታለች። ገና ቃል ሳይወጣ በዚያ ሰዓት ይህን ሁሉ ሰው በሯ ላይ ስታይ ታውቃለች። መላው ትራጀዲ ያለው በሩ በተከፈተበትና ቃሉ በወጣበት መካከል ባለችው ጊዜ ውስጥ ነው። ያችን ጊዜ የሚሰጣት አዘጋጁ ነው። ስንት ሰው ይቁም? ማን መሬት መሬት ይይ? ማን ከኋላ ይደበቅ? እኛ ሽማግሌዎቹን ከሦስት ወደ ሰባት ስናበዛቸው ትዕይንቱ ምንም ቃል ሳይጨመርበት ከበደ።

ሩሲያዊው ጸሐፌ ተውኔት ቼኾቭ «የባሕር ወፍ» በተባለው ተውኔቱ መጨረሻ ላይ ያደረገውን ደግሞ ተመልከቱ። እናትና እንግዶቿ ጠረጴዛ ከበው ይጫወታሉ። ከውስጥ ተኩስ ይሰማል። ሐኪሙ ገብቶ ይመለስና የመድኃኒት ጠርሙስ ነው የፈነዳው ይላል። እናትየው ተረጋግታ ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች። ሐኪሙ አንዱን ሰው ለብቻው ወሰድ አድርጎ በዝግታ እናትየውን ከዚህ ውሰዳት፣ ልጇ ራሱን ገድሏል ይለዋል። መጋረጃው ይዘጋል። እናትየው አልሰማችም። እኛ ሰምተናል። መርዶውን ይዘን ነው ከአዳራሹ የምንወጣው። ከጠረጴዛው እስከዚያ ሹክሹክታ ያለው ርቀት ስንት እርምጃ እንደሚሆን የሚወስን አዘጋጅ የተመልካቹን ሌሊት እየወሰነ ነው።

መድረክ ላይ መሞት ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ትንሽ ነገር ላስታውሳችሁ። ሬሳው ይተነፍሳል። ደረቱ ለተመልካች እንዳይታይ አስተኙት። እግሩ ብቻ ቢታይ ይበቃል። እግር ብዙ ይናገራል።

ሳቁን አለመጠበቅ

«የአዲስ አበባ ተመልካች ለትራጀዲ አልበሰለም፤ በሚያሳዝነው ቦታ ይስቃል።» ይህን ከባልደረቦቼ አፍ ስሰማ ያመኛል። ተመልካቹ ለቅሶን ከማንም በላይ ያውቃል። የሚስቀው እኛ አንድ ነገር ስላበላሸን ነው።

አንዳንዴ ምክንያቱ የሰዓት ነው። ሰውየው ይወድቃል፤ የጥይቱ ድምፅ ከወደቀ በኋላ ይመጣል። ጥፊው ፊቱ ሳይደርስ «ጧ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያን አዳራሽ ወደ ሐዘን ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። አንዳንዴ ደግሞ ሰው ሲጨንቀው ይስቃል። ይህኛው ሳቅ ጥሩ ምልክት ነው። ተዋናዩ ካልተደናገጠና ካላቋረጠው ራሱ ወደ ዝምታ ይለወጣል።

ትልቁ ምክንያት ግን ተመልካቹ ምን ይዞ እንደመጣ አለማሰባችን ነው። ያው የቼኾቭ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1896 ፒተርስበርግ ሲከፈት ያ ምሽት ገቢው ለአንዲት ታዋቂ የኮሜዲ ተዋናይት የሚውልበት ምሽት ነበር። እሷ በተውኔቱ ውስጥ አልነበረችም። አድናቂዎቿ ግን ሊስቁ ነው ቲኬት የቆረጡት። ሳቁ። ከዚያ አፏጩ። ቼኾቭ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሞስኮ አርት ቴአትር ያንኑ ጽሑፍ ይዞ ብዙ ተለማመደና አቀረበ። የመጀመሪያው ገቢር ሲያልቅ አዳራሹ ጸጥ አለ። ተዋናዮቹ ወደቅን ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር። ከዚያ ጭብጨባው ፈነዳ። ቼኾቭ ራሱ ተውኔቱን ኮሜዲ ብሎ ነበር የጠራው። ጽሑፉ ያው ነው፤ የተለወጠው የቀረበበት መንገድ ነው።

የእኛን ፖስተሮች ተመልከቱ። በተከታታይ ድራማ የሚያስቀንን ተዋናይ ፎቶ ትልቅ አድርገን ለትራጀዲ እንለጥፋለን። ሰው እሱን ሊያይ ይመጣል። እሱ ገና ሲገባ አዳራሹ ይስቃል፤ ሰላም ስላለ ብቻ። እኔ እሱን አትውሰዱት አልልም። እንዲያውም ጥሩ የኮሜዲ ተዋናይ ሲሰበር ማየት ከባድ ነው። ግን መግቢያው ላይ ሳቁን ስጧቸው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የእውነት የሚያስቁ ይሁኑ። ሰው የሳቀለትን ሰው ይወዳል። ከወደደው በኋላ ደግሞ ሲወድቅ አይስቅም።

መጨረሻውን እንደ ምስጢር መያዝ

«መጨረሻውን ለማንም እንዳትናገሩ» እያልን ማስታወቂያ እንሠራለን። ለወንጀል ታሪክ ይሁን። ለትራጀዲ አይሠራም።

አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስቶች የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሐውልታቸው ከማዘጋጃ ቤቱ አቅራቢያ አደባባዩ ላይ ቆሟል። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ስለ እሳቸው የጻፈው ተውኔት «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ይባላል። ርዕሱ ራሱ ሰዓቷን ይነግርሃል። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ጳጳሱ እንደሚሞቱ ከልጅነቱ ያውቃል። የሚመጣው ይሞቱ ይሆን ብሎ አይደለም። ያቺን ሰዓት እንዴት አሳለፏት? ምን ተሰማቸው? ፈርተው ነበር? ይህን ብሎ ነው የሚመጣው።

የሚመጣውን የሚያውቅ ተመልካች ትንሹ ነገር ሁሉ ይከብደዋል። እኛም ልጁ መሞቱን ተመልካቹ ከመጀመሪያው ትዕይንት እንዲያውቅ ካደረግን በኋላ እናትየው የልጇን ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ስታሰጣ ማየት የሚቻል አልሆነም። ከዚያ በፊት ያቺ ማስጣት እንዲሁ የቤት ሥራ ነበረች።

ቤቱን በሙሉ መገንባት

ሳሎን። መሀል ላይ ሶፋ። ከኋላ ቡፌ። በግራ የመኝታ ቤት በር፣ በቀኝ የውጭ በር። ግድግዳው ላይ የሰርግ ፎቶ። ይህን መድረክ ስንት ጊዜ አየነው? ለቤተሰብ ኮሜዲ ያገለግላል። ትራጀዲ ግን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይደክማል። ተዋናዮቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው በተርታ ይቀመጣሉ፤ ሐዘናቸውን እንደ ቃለ መጠይቅ ይነግሩናል።

«የሽያጭ ሠራተኛው ሞት» እ.ኤ.አ. በየካቲት 1949 ኒው ዮርክ ሲቀርብ አዘጋጁ ኤሊያ ካዛን፣ የመድረክ ንድፍ ሠሪው ጆ ሚልዚነር ነበሩ። ሚልዚነር የሠራው ቤት አጥንቱ ብቻ የቀረ ቤት ነው። ግድግዳው አሳልፎ ያሳያል። በአሁኑ ጊዜ ትዕይንቶች ተዋናዮቹ በበሩ ይገባሉ። ሰውየው ወደ ትዝታው ሲገባ ግን ግድግዳውን አቋርጠው ይሄዳሉ። በመብራት የቅጠል ጥላ ይፈስበታል፤ በአሮጌው ዘመን ግቢው ዛፍ ነበረውና። ተመልካቹ ማንም ሳያስረዳው የሰውየው አእምሮ እየላላ መሆኑን ያያል። ሙሉ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በቃል ማስረዳት ያስፈልግ ነበር።

የብሔራዊ ቴአትር መድረክ ሰፊ ነው። አዳራሹ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የተመረቀ ነው፤ ለታላላቅ ነገሮች የተሠራ ቦታ። ብዙ አዘጋጆች ያንን ስፋት በዕቃ ለመሙላት ይጨነቃሉ። አትሙሉት። ከቤቷ የተነሳች አንዲት አሮጊት በዚያ ስፋት መሀል ፍራሿን አስራ ብቻዋን ብትቀመጥ ስፋቱ ራሱ ይናገራል። በጠባብ አዳራሽ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለአንድ ትንሽ መድረክ የኮንዶሚኒየም ክፍል ስንሠራ ዕቃ ሳናበዛ ጣሪያውን ብቻ ዝቅ አደረግነው። ረጅሙ ተዋናይ በቆመ ቁጥር ጎንበስ ይላል። ተመልካቾች ሲወጡ «መተንፈስ አቅቶን ነበር» አሉ። ጣሪያውን ግን አንዳቸውም አላነሱትም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሥራ ስጡት። ሥራ የሌለው ቡፌ ይውጣ።

በየትዕይንቱ መብራት ማጥፋት

መብራት ይጠፋል። ሠራተኞች በጨለማ ጠረጴዛ ይጎትታሉ። አንዱ ይደናቀፋል። አዳራሹ ውስጥ ስልኮች ይበራሉ፤ ፊቶች ሰማያዊ ይሆናሉ። አንድ ሰው መልእክቱን ያያል። መብራት ሲመለስ ያ ሰው እኛ ጋ የለም፤ ቤቱ ደርሶ ተመልሷል።

ስዊድናዊው ጸሐፌ ተውኔት ስትሪንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1888 «ሚስ ጁሊ» የተባለውን ተውኔቱን ሲጽፍ በመቅድሙ ላይ ይህን ነገር አንስቷል። ተውኔቱን ያለ ዕረፍት አንድ ወጥ አደረገው፤ ተመልካቹ በመሀል ከሄደበት ዓለም እየተመለሰ ራሱን እንዳይሰበስብ። ከመድረኩ ጠርዝ ከታች ወደ ላይ ይበራ የነበረውንም መብራት ይቅር አለ፤ የተዋናዩን የዓይን እንቅስቃሴ ይገድላል ብሎ። በዚያ ዘመን ይህን ያሰበ ሰው ነበር።

የእኔ ምክር ቀላል ነው። ለውጡን በብርሃን አድርጉት። ተዋናዩ ራሱ ወንበሩን ይዞ ይሂድ። የሟቹን ወንበር እህቱ ተሸክማ ስትወጣ ማየት በራሱ ትዕይንት ነው። ደግሞ ቀይ መብራት ለደም፣ ሰማያዊ ለሌሊት የሚለውን ተዉት። ሐዘን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ድምፅ ማጮህ

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ማይክሮፎን ሹክሹክታንም ጩኸትንም አንድ ያደርጋል። የግድ ከሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጉት፤ ተመልካቹ ለመስማት ወደፊት ጎንበስ ይበል። ጎንበስ ያለ ሰው ልቡም ይጎነበሳል። ተዋናዩንም አደራ በሉት፦ እንባውን ይያዘው። «የሽያጭ ሠራተኛው ሞት» መጨረሻ ላይ ሚስትየው መቃብሩ አጠገብ ተንበርክካ ማልቀስ አልቻልኩም ትላለች። የቤቱን የመጨረሻ ዕዳ ዛሬ ከፈልኩ፣ ቤት ውስጥ ግን ሰው የለም ትላለች። የምናለቅሰው እኛ ነን፤ እሷ ስላልቻለች።

መልእክቱን መጨረሻ ላይ ማብራራት

ልጁ ሞቷል። እናትየው ወድቃለች። ከዚያ አንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ መድረኩ ጠርዝ ይወጣና ስለ ሕገ ወጥ ስደት አስከፊነት ያስረዳናል። ወይም ከድምፅ ማጉያው አንድ ወፍራም ድምፅ ይመጣል። ምክንያቱ አንዳንዴ ገንዘቡን የሰጠው ወገን ነው፤ አንዳንዴ የራሳችን ፍርሃት ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው። ተመልካቹ ከሐዘን ቤት ወጥቶ ስብሰባ ገባ።

ይህን ጉዳይ በጥልቀት ያሰበ ሰው ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ብሬክት ነው። «እናት ከሬጅ» የተባለው ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1941 ዙሪክ ሲቀርብ ተመልካቹ ለእናትየው አለቀሰ። እሱ የፈለገው ግን ከጦርነት ልታተርፍ ስትል ልጆቿን ያጣች ነጋዴ መሆኗን እንዲያዩ ነበር። ጽሑፉን አስተካከለና እ.ኤ.አ. በ1949 በርሊን ላይ ራሱ ከኤሪክ ኤንግል ጋር አዘጋጀው። ተመልካቹ አሁንም አለቀሰ። በዚያ ዝግጅት እናትየውን ሆና የተጫወተችው ባለቤቱ ሄለነ ቫይግል ልጇን የገደሉበትን ተኩስ ስትሰማ አፏን እስከ መጨረሻው ከፍታ ያለ ምንም ድምፅ ጮኸች። ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ያን ድምፅ አልባ ጩኸት ነው። ይህን ተውኔት ፀጋዬ «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ ወደ እኛ አምጥቶታል።

ብሬክትን የሚያህል ሰው፣ ገላጭ ጽሑፍና መዝሙር ሁሉ ተጠቅሞ፣ ተመልካቹን ሙሉ በሙሉ ወደፈለገበት መምራት ካልቻለ በመጨረሻው ደቂቃ የሚነበብ ምክር ምን ያመጣል? ማስተማር የምትፈልጉትን ነገር ውስጡ አስገቡት። ደላላው መርዶ ከሚያረዱት ሽማግሌዎች መሀል አብሮ ይቁም። ነጠላ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ። እናትየው አታውቅም፤ ተመልካቹ ያውቃል። ከዚህ በላይ ስለ ደላላ መናገር አያስፈልግም።

ለጭብጨባ መቸኮል

የመጨረሻው ቃል እንደወጣ መብራት ቦግ ይላል። ሞቅ ያለ ሙዚቃ ይለቀቃል። ሟቹ እየሮጠ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። መድረክ መሪው በማይክሮፎን ተዋናዮቹን አንድ በአንድ ያስተዋውቃል፤ ስፖንሰሮች ይመሰገናሉ። ተመልካቹ ገና እንባውን አልጠረገም።

ስማቸው መጠራት የለበትም አልልም። የደከሙ ሰዎች ናቸው። ግን ጊዜ ስጡት። «የሽያጭ ሠራተኛው ሞት» ገና ሲጀመር መጋረጃው ከወረደ በኋላ ሰው ሳያጨበጭብ ቆይቶ እንደነበር ሚለር ጽፏል። አንዳንዶቹ ኮታቸውን ለብሰው ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ነው ጭብጨባው የመጣው። ያን ዝምታ አንድ ሰው ፈርቶ በሙዚቃ ቢሞላው ኖሮ አይመጣም ነበር።

እኛ በቡናዋ ተውኔት እንዲህ አደረግን። መጨረሻው ላይ መጋረጃ አልዘጋንም። የአዳራሹ መብራት በዝግታ ወጣ። ተዋናይቱ ያረረው ምጣድ አጠገብ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ሌሎቹ ከኋላዋ ቆሙ። ማንም አልሰገደም፣ ማንም ፈገግ አላለም። የመጀመሪያ ቀን ሰዉ ምን ማድረግ እንዳለበት አጥቶ ግራ ተጋባ። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ፣ አቆሙ። አብዛኞቹ ቀስ ብለው ተነሱ።

አንዲት ሴት ግን ወደ መውጫው አልሄዱም። በወንበሮቹ መሀል ወደ መድረኩ ወረዱ። ጠርዙ ጋ ደርሰው ቆሙና ተዋናይቱን ቀና ብለው አዩዋት።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሏት።

ተዋናይቱ ከበርጩማዋ ተነሳች፤ ጎንበስ ብላ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች ተራ ይዘው ነበር።